የልደታ ልጃገረዶች አሠልጣኝ፣ የወይዘሮ የዓለምወርቅ ዳኛው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዳኛው ከአባታቸው ከአቶ ዳኛው አለነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ነጋ፣ ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማክሰኝት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከማክሰኝት ገበያ ጤፍና ሽምብራ ገዝተው ጎንደር አራዳ ያራግፉ ነበር። እናታቸው ስድስት ልጆች ወልደው ሦስቱን አሳድገዋል። ከሦስቱ ታላቋ የዓለምወርቅ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ በዚህ መልክ እንዲጻፍና እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት በብዙ ሰው ፊት አንዲት ልጅ በድለው ነበር። ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይቅርታው የተጠየቀው ግን በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ብቻ ነው። በአደባባይ የተሠራ በደል በአደባባይ መታረም አለበት ብለው ያምኑ ነበር፤ ያመኑትን ግን በሕይወት ሳሉ አልፈጸሙትም። ስለዚህ ዛሬ ይፈጸማል። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል።

በማክሰኝት ከአጥቢያቸው ቄስ ፊደልና ዳዊት ተማሩ። በ1939 ዓ.ም. አባታቸው በእህል ጭነት ላይ አስቀምጠው ጎንደር አራዳ ወደሚኖሩት አክስታቸው ወደ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጋ ቤት አመጧቸው። ስምንተኛ ክፍልን በ1947 ዓ.ም. ጨረሱ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ሁለቱንም ጊዜ አክስታቸው ‘ልጅቱ ፈተና ላይ ናት’ ብለው መልሰዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ የመጣው ክረምት ላይ ነበር፤ በክረምት ፈተና እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ አዲስ አበባ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በ1950 ዓ.ም. በጎንደር አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠሩ። ከአዲስ አበባ ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ የመረብ ኳስ። የምስክር ወረቀቱ የደመወዝ ሥራ ሰጣቸው። ኳሱ ያለ ደመወዝ አሥራ አራት ዓመት አሠራቸው።

በ1951 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከአንገረብ ወንዝ በላይ ባለው ሜዳ የልጃገረዶች የስፖርት ክበብ መከፈቱን በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች መጡ። በሁለተኛው ቀን የአንደኛዋ እናት መጡ። ‘መምህርት፣ እኔ ሴት ልጅ ነው የላክሁልዎ፤ ወታደር አድርገው ሊመልሱልኝ ነው?’ ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ማንም አልመጣም። ፊሽካ ስላልነበራቸው ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ያፏጩ ነበር፤ ይህም በአራዳ ሱቆች ደጃፍ ለአንድ ወር ያህል መወያያ ሆነ።

እዚህ ላይ የወይዘሮ ሽታዬ ክንዴ ስም ይነሣል። ወይዘሮ ሽታዬ ያን ጊዜ በአራዳ የስፌት መኪና ያላቸው የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። የዓለምወርቅ ‘ይሄ ሕዝብ ስፖርት አይወድም’ እያሉ ሲያማርሩ ‘ሕዝቡ ስፖርት ምን እንደሆነ የት ያውቃል? ማኅበር ግን ያውቃል። ሴት ልጁን ለማኅበር የሚከለክል አባት እስቲ አሳዪኝ’ አሏቸው። በዚህ ምክር በ1952 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የልደታ ለማርያም የጽዋ ማኅበር በአሥራ አራት ልጃገረዶች ተመሠረተ። ወይዘሮ ሽታዬ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ ሆኑ። የዓለምወርቅ አሠልጣኝ ሆኑ።

ማኅበሩ ለማታለያ የተቋቋመ የሚመስለው ሰው ካለ ይሳሳታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ተራዋ በደረሰ ልጅ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የማኅበሩ የንስሐ አባት መምሬ ሐብተ ማርያም ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ይባርካሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይቀዳል፤ ከዚያ ልጆቹ ተነሥተው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በሌሎቹ ቀናት ከሥራ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ‘የማኅበር ጉዳይ አለብን’ ብለው ይመጣሉ፤ የማንም እናት የማኅበር ጉዳይ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ወይዘሮ ሽታዬ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ሱሪና በላዩ ላይ የሚለበስ አጭር ቀሚስ ለአሥራ አራቱም ሰፉ። መረቡን ከጎርጎራ ዓሣ አስጋሪዎች አመጡት፤ ዝናብ በነካው ቁጥር የዓሣ ሽታ ይሸት ነበር። አንዳንድ ሽማግሌዎች መምሬ ሐብተ ማርያምን ‘አባ፣ ከጽዋ ተነሥቶ ኳስ መምታት ይገባል እንዴ?’ ብለው ቢጠይቋቸው ‘እናንተ ከጽዋ ስትነሡ የምትሄዱበትን ጠይቄያችሁ አውቃለሁ?’ አሏቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ነገር ግን ማኅበር የራሱ ሕግ አለው። በማኅበር አባላት መካከል ታላቅና ታናሽ፣ ጎበዝና ሰነፍ የለም። ሁሉም ተራ አለው። የአንዱን ተራ ሌላው አይወስድም፤ አባሉ ከታመመ ብቻ ቀጣዩ ይተካል። ልጆቹ ይህን ሕግ ከጽዋው ወደ ሜዳው ይዘውት ሄዱ። ስድስት ተጫዋቾች ሲያስፈልጉ ጽዋውን በሚያዘጋጁበት ተራ ቅደም ተከተል የመጀመሪያዎቹ ስድስት ይሰለፋሉ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ቀጣዮቹ ስድስት። የዓለምወርቅ መጀመሪያ ላይ ይህን አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ጥሩ መስሏቸው ነበር። ስም ጠርቶ መምረጥ ቀርቶላቸዋል። ቡድንን በጽዋ ሕግ ማስተዳደር ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሦስት ዓመት ወሰደባቸው።

ከአሥራ አራቱ አንዷ ማሬ አለበል ነበረች። የጭልጋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ ከዘመዶቿ ዘንድ ትኖር ነበር። ሥራ አታውቅም የሚላት አልነበረም፤ መረቡን የምትዘረጋውም የምትጠቀልለውም እሷ ናት። ኳስ ሲመጣ ግን ዓይኗን ትጨፍን ነበር። የዓለምወርቅ በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኹባት። ‘ግለጪው! ማሬ፣ ዓይንሽን ግለጪው! ኳስ እንጂ ንብ አይደለም!’ ማሬ ‘እሺ እትዬ’ ትልና ትጨፍናለች። ጓደኞቿ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። ማንም ከተራዋ ትውጣ ብሎ አያውቅም።

በ1955 ዓ.ም. በጠቅላይ ግዛቱ የሴት ተማሪዎች የመረብ ኳስ ውድድር ተዘጋጀ። ያሸነፈው ቡድን በክረምት ለጨዋታ አዲስ አበባ ይሄዳል ተባለ። ከአሥራ አራቱ ልጆች አብዛኞቹ ከአዘዞ ወዲያ አያውቁም ነበር። የዓለምወርቅ ይህን ጉዞ ለራሳቸው አልፈለጉትም፤ አዲስ አበባን አይተዋታል። ልጆቹ አይተው ሲመለሱ ወላጆቻቸው ቶሎ ለባል እንደማይሰጧቸው ያምኑ ነበር። ይህ እምነታቸው ትክክል ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ በዚያ ዓመት ግን ሌላ የሚያስቡት ነገር አልነበራቸውም። በዐቢይ ጾም ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቆሎ በልተው ይሠለጥኑ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ነበር። ተጋጣሚው ከደብረ ታቦር የመጣ ቡድን ነው። ከአራት መቶ የማያንስ ሰው በሜዳው ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። በዚያ ቀን ተራቸው ከደረሰው ስድስት ልጆች ማሬ አንዷ ነበረች። የመጀመሪያውን ዙር የልደታ ቡድን አሥራ አምስት ለስድስት ተሸነፈ። ደብረ ታቦሮች ማሬን አይተዋታል፤ ኳሱን ሁሉ ወደ እሷ ይልኩት ነበር።

በዕረፍቱ የዓለምወርቅ ከስድስቱ ውጭ የተቀመጠችውን አባይነሽን ጠሩ። አባይነሽ ከማኅበሩ ሁሉ ጎበዝ ተጫዋች ናት፤ ተራዋ ግን አልነበረም። የጨዋታው ሕግ ተጫዋች መቀየርን ይፈቅዳል። የማኅበሩ ሕግ ግን የሚፈቅደው አባሉ ከታመመ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን አንሥተው እንዳይከራከሩ የዓለምወርቅ ወደ ጨዋታው ዳኛ ሄደው፣ ልጆቹም ሕዝቡም በሚሰማበት ድምፅ ‘ማሬ እጇን ታማለች፤ አባይነሽ ትተካታለች’ አሉ።

ማሬ አልታመመችም። ተነሥታ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ ለሕዝቡ አሳየች፤ አገላበጠቻቸው። ከሰው መካከል አንዱ ‘እጇስ ደህና ነው፤ የታመመችስ ዓይኗን ነው!’ ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማሬ ወጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። የልደታ ቡድን የቀሩትን ሁለት ዙሮች አሸነፈ፤ ልጆቹ ነጥብ ባገኙ ቁጥር ማሬ እንደማንኛውም ተመልካች አጨበጨበች። ሲያልቅ የቡድኑን ልብስ አጣጥፋ የዓለምወርቅ በሚኖሩበት በወይዘሮ ባንቺአየሁ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ በጭነት ማኪና ወደ ጭልጋ ተመለሰች። ትምህርቷንም በዚያው ተወች።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ግንቦት ልደታ ሆነ። ለማኅበሩ ከዓመቱ ትልቁ ቀን ይህ ነው። ቤቱ ሞልቷል፤ ስላሸነፉ ወላጆችም ተጠርተዋል። መምሬ ሐብተ ማርያም ጽዋውን ከመባረካቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ‘ልጆቼ፣ ሁላችሁም ሰላም ናችሁ? የተቀያየመ አለ?’ አሉ። አንዷ ልጅ ‘ማሬ የለችም አባ’ አለች። ‘ምነው፣ ታማ ነው?’ አሉ መምሬ። ያችው ልጅ ወደ የዓለምወርቅ አየችና ‘እትዬ ታማለች ብለዋል’ አለች። መምሬ ሐብተ ማርያም ያልሰሙት ነገር አልነበረም፤ ከተማው ትንሽ ነው። በጽዋው ላይ ክዳኑን መለሱ። ‘ታርቃችሁ ስትመጡ ጥሩኝ’ ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ።

የዓለምወርቅ በዚያን ጊዜ ጥፋታቸውን አላመኑም። ‘አሸነፍን እኮ! ማሸነፍ ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ስድስት ሰው መርጦ ማሰለፍ የአሠልጣኝ ሥራ አይደለም እንዴ?’ ይሉ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ‘መረጥሽ ያለሽ የለም። ዋሸሽ ነው የተባልሽው’ አሏቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚህ በኋላ አንድ ወር አልተነጋገሩም። ሰኔ ልደታ ላይ መምሬ አልመጡም። ጽዋው ያልተባረከበት ማኅበር ማኅበር አይደለምና ወላጆች ልጆቻቸውን መያዝ ጀመሩ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኝ ብቻ ቀሩ፤ ከዚያ አምስት ብቻ። ለአዲስ አበባው ጉዞ ስድስት ተጫዋቾች እንኳ አልተገኙም። በእነሱ ፋንታ ደብረ ታቦሮች ሄዱ። የተዋሸለት ድል ያስገኘው ይህን ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ የዓለምወርቅ ወደ ጭልጋ ሄዱ። መንገዱ በጭቃ ስለተቆረጠ ማኪናው ከአይከል ወዲህ ጣላቸው፤ የቀረውን በእግራቸው ሄዱ። የማሬ አባት አቶ አለበል ግቢ ሲደርሱ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ አንሥተው በትከሻቸው ተሸከሙና እንደ አገሩ ልማድ ጎንበስ ብለው ቆሙ። አስተማሪ ለተማሪዋ ድንጋይ ተሸክማ ስትቆም በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም ነበር። አቶ አለበል ‘ኧረ ምነው መምህርት! በዚህ ዝናብ! አውርጂው፣ አውርጂው በማርያም!’ እያሉ ወጡ። የዓለምወርቅ ‘ማሬ አውርጂው ሳትለኝ አላወርደውም’ አሉ። አያ ክንዴ የሚባሉ ጎረቤትና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። አያ ክንዴ ድንጋዩን አይተው ‘መምህርት፣ ይቺ እንኳ ትንሽ ናት፤ በደሉ ስንት ነው?’ ብለው ቀለዱ፤ ማንም አልሳቀም።

ማሬ ከቤት ወጣች። የዓለምወርቅ ዋሽቻለሁ አሉ፤ እጅሽ አልታመመም ነበር፤ ተራው ያንቺ ነበር አሉ። ማሬ ድንጋዩን ራሷ ከትከሻቸው አወረደች። ከዚያ ያለችውን የዓለምወርቅ እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ይናገሩት ነበር። ‘እትዬ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ማኅበሩም ጽዋውን ይጠጣ፤ ታርቀናል ብለው ይንገሩልኝ። ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው ዋሹብኝ፤ ይቅርታውን ለብቻዬ አመጡልኝ። እነዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ሰምተዋል። ያ የሳቀው ሰው ግን ዛሬም የሚያውቀው ያኔ የሰማውን ነው።’ አያ ክንዴ ‘ታርቃችኋል፣ ሌላ ነገር አታምጪ፤ ሸጋ ልጅ ነሽ’ አሏት። ማሬ ወደ ጎንደር ግን አልተመለሰችም።

ማኅበሩ መስከረም 1 ቀን 1956 ዓ.ም. እንደገና ጽዋውን ጠጣ። አሥራ ሁለት ልጆች ተመለሱ። የዓለምወርቅ ከዚያ በኋላ የማንንም ተራ አልነኩም። የልደታ ቡድን ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው ይበዛል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ልጆቹ ተበታትነው አልቀሩም። በ1958 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ አንዷ በማክሰኝት የእመቤታችንን ማኅበር አቋቁማ ማሠልጠን ጀመረች፤ በ1960 ዓ.ም. ሌላዋ በሳንጃ ቀጠለች። በሳንጃ በሙቀቱ ምክንያት በንጋት ይጫወታሉ፤ በሰሊጥ አዝመራ ወቅት ደግሞ ጨዋታው ይቋረጣል። እነዚህ ወጣት ሴቶች ሁሉ የሚሠሩት ያለ ክፍያ ነው። የዓለምወርቅ በየሁለት ወሩ በአውቶቡስ እየዞሩ ይጎበኟቸው ነበር፤ ጉብኝታቸው በአመዛኙ ቁጣ እንደነበር ተጎብኚዎቹ ይመሰክራሉ። ትዕግሥት አልነበራቸውም። የዘገየ ሰው አይወዱም፤ ‘ዝናብ ነበር’ የሚል ምክንያት አይቀበሉም፤ አንዲት ልጅ ስታለቅስ ‘አልቅሰሽ ስትጨርሺ ኳሱን አምጪው’ ይሉ ነበር። ያም ሆኖ ስለ እሳቸው ብለው ሜዳ የተዉ ልጆች አልነበሩም፤ ከአንዷ በቀር።

በ1957 ዓ.ም. ከአቶ ሐዲስ ተገኝ ጋር በሕግ ተጋብተዋል። የሙሽራው ሽማግሌዎች ለአክስታቸው ‘ሙሽሪት ኳሱን ትተዋለች አይደል?’ ቢሏቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ‘እሷስ አትተውም፤ ከፈለጋችሁ እናንተ ተዉ’ ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ፤ ጋብቻውም ጸና። አቶ ሐዲስ መረብ በመሸከም፣ ሜዳውን በገመድ በማካለልና ሁለት ልጆቻቸውን በሜዳው ዳር በማሳደግ ከባለቤታቸው ጋር ሠርተዋል። አንዲት ሴት ልጅ እንኳየሁንና አንድ ወንድ ልጅ አለነን ወልደዋል።

በ1959 ዓ.ም. ከአይከል አንድ ወሬ መጣ። ማሬ አለበል አግብታ እዚያ እንደምትኖርና ለልጃገረዶች የኳስ ቡድን እንደጀመረች ተሰማ። ቡድኗ የማኅበር ቡድን አልነበረም። ሕጓ አንድ ነው፤ የመጣች ሁሉ ትጫወታለች። የዓለምወርቅ ይህን ሲሰሙ ‘ዓይናቸውንስ ታስገልጣቸዋለች?’ ብለው ጠየቁ። በ1961 ዓ.ም. የአይከል ቡድን ለጨዋታ ጎንደር መጣ። ልጆቿ ዓይናቸውን ገልጠው ይጫወታሉ። የልደታን ቡድን በሁለት ዙር አሸንፈው ጨረሱት።

በዚያ ቀን በአንገረብ ሜዳ ብዙ ሰው ነበር። በ1955 ከነበሩትም ብዙዎቹ ነበሩ። የዓለምወርቅ ከጨዋታው በኋላ ለመናገር ተነሡ። የሚናገሩትን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅተውት ነበር፤ ለባለቤታቸውም አንብበውላቸዋል። ተነሥተው ‘እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ጥሩ ተጫውታችኋል’ ብለው ተቀመጡ። ለምን እንደተቀመጡ ራሳቸው የተናገሩት በአንድ ቃል ነው፤ ‘ፈራሁ።’ ማሬ ልጆቿን ሰብስባ ወደ አውቶቡሷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተያዩም።

በ1963 ዓ.ም. መጨረሻ በጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ታከሙ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገላቸው። ሕመሙ ግን ወደ አጥንታቸው ገባ። ሆኖም እስከ ጥቅምት 1965 ዓ.ም. ድረስ ሜዳ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያሠለጥኑ ነበር። ማፏጨት ሲያቅታቸው በትር ከወንበሩ እግር ጋር ያጋጩ ነበር።

ኅዳር ውስጥ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው ይህ ጽሑፍ እንዲጀመር አዘዙ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሰምተው ተቃወሙ። ‘እንዴ! በሬሳ ላይ ኃጢአት ይነበባል? ሰው ምን ይለናል?’ አሉ። የዓለምወርቅ ‘እትዬ፣ ሰው እንዲሰማው ነው እኮ የምፈልገው። ከቀብሬ ቀን ሌላ ይህን ያህል ሰው መቼ ይሰበሰብልኛል?’ ብለው መለሱ። ክርክሩ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን መምሬ ሐብተ ማርያም ተጠየቁ። ‘ለእኔ የነገረችኝን ለእናንተም መንገር ከፈለገች ማን ይከለክላታል’ አሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዛሬም አልወደዱትም፤ ግን እዚህ ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

ሌላም ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ በእሳቸው ምክንያት አንድም ጨዋታ እንዳይቋረጥ። ይህን ማኅበሩ አልተቀበለውም። አባል ሲሞት ሁሉም ሥራውን አቁሞ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፤ ይህም የማኅበር ሕግ ነው፤ አሠልጣኝ ሊሽረው አይችልም። ስለዚህ የጎንደር፣ የማክሰኝትና የሳንጃ ልጆች በሙሉ ዛሬ እዚህ ናቸው።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዳኛው ሰኞ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ጠዋት በሠላሳ አምስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። በዚያው ጠዋት ወደ አይከል ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ማሬ አለበል ከስምንት ልጃገረዶች ጋር ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ደርሰው ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጠዋል። ይህ ጽሑፍ በውስጡ ምን እንዳለ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ካልወደዱት ሊቀር እንደሚችልም ተነግሯቸዋል። ‘ለብቻዬ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አሁን ከሰው ጋር ልስማው’ ብለዋል።

ከሟች በኋላ ባለቤታቸው አቶ ሐዲስ ተገኝ፣ ልጆቻቸው እንኳየሁና አለነ ሐዲስ፣ እናታቸው ወይዘሮ ካሰች ነጋ፣ አክስታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጋ፣ ወንድማቸው አቶ ነጋ ዳኛው፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እህታቸው አልማዝ ዳኛው፣ ጓደኛቸው ወይዘሮ ሽታዬ ክንዴ፣ እንዲሁም በሦስቱ ከተሞች ያሉ ሰባ ሦስት የማኅበር ልጆች ቀርተዋል። አባታቸው አቶ ዳኛው አለነ በ1959 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል።

የቀረው የእሳቸው ቃል ነው። ኅዳር 20 ቀን ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያጻፉት እንዲህ ይላል፦

“እኔ የዓለምወርቅ ዳኛው፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1955 ዓ.ም. በጨዋታው ላይ ለነበራችሁ ሁሉ። ማሬ አለበል እጇን አልታመመችም ነበር። ዓይኗንም አልታመመችም። ዋሽቼ ነው ያስወጣኋት። የሳቃችሁት በእሷ ነው፤ መሳቅ የነበረባችሁ በእኔ ነበር። ማሬ፣ በሰው ፊት ለመናገር አንድ ጊዜ ተነሥቼ ነበር፤ ፈርቼ ተቀመጥሁ። አሁን የምፈራው ነገር የለም። ያን ቀን ተራው ያንቺ ነበር።”

እዚያ የነበራችሁ ሰምታችኋል። ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። እግዚአብሔር ይህን ቃል ከነፍሳቸው ጋር ይቀበልላቸው፤ ለወይዘሮ ማሬ አለበልም ክብራቸውን ይመልስላቸው። አሜን።